ዕንቁላሉ የሮጠበት

በሃናፔፔ፣ በካዋይ ደሴት፣ ከተወዛዋዡ ድልድይ ማዶ፣
ዘር እቆጥራለሁ በወረንጦ፣ ቤቱ እንደ በረዶ በርዶ።
ማቀዝቀዣው ሲያጓራ ይውላል፣ ዶሮ ከደጅ ይጮኻል፤
ዝናቡ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳያባርሩት ይሄዳል።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ላለው ሰው
ክርክር የለኝም፤ ልክ ነው።
እዚህ ግን፣ ባሕር በከበበው፣
ዕንቁላሉ ቅርፊቱን ሳያራግፍ
ሮጦ ነው ያመለጠው።

አንዲት ዘር ነበረች፣ ከካሊፎርኒያ ዳር፣
እጅ ላይ የምትጣበቅ፣ ከአረም የምትቆጠር፤
በወፍ ላባ መጣች፣ ወይ በእግሯ ጭቃ፣
ያን ሁሉ ውቅያኖስ በሌላ እግር ዘልቃ።
«እንዴት አወቃችሁ?» ብለው፣ ቶሺዎ ሳቀብኝ፤
«ምስክሯ ወፏ ናት፤ ወፏም ሞተችብኝ።»

አምስት ሚሊዮን ዓመት ነው፤
ለእኔ ብጤ ብዙ ነው፤
ለድንጋይ ግን ከቁርስ እስከ ምሳ ነው።

ደርሳ ዞር ብትል ባለርስት የለ፣ ከሳሽ የለ፤
ትናንት ከእሳት የወጣ መሬት፣ ጥቁር፣ ማንም ገና ያልተካፈለ።
አንዱ ልጇ ዛፍ ወጣው፤ ሌላው ሐረግ ሆኖ
ጎረቤት ትከሻ ላይ ወጣ ተማምኖ፤
አንዷ ረግረግ መርጣ እንደ ትራስ ተኛች፤
የማዊዋ እኅቷ ከተራራው አናት ብር ለብሳ ተቀመጠች፣
ዐሥርት ዓመታት ዝም ብላ
አንዴ አብባ ሞተች።
ሠላሳ ያህል ናቸው። ጎን ለጎን ቢቆሙ
እንኳን እኛ እነሱም አይተዋወቁ፤
የአንዱን ብናኝ ለሌላው ብታደርሺ ግን
ይወልዳሉ።
አጥንት መቁጠር ገና አልረሱ።

እሾህስ? «ለማን ብዬ?» አለ እንጆሪው፤ ጣለው።
ናናም ሽታዋን ተወችው።
ጠላት ባልነበረበት አገር
ጦር ሲወለውል የሚያድር ምን ሰው ነው?
እንዲህ ሲኖሩ ነው መርከብ መጥቶ ፍየል ያወረደው።
ምሳ ደረሰ ማለት ይህ ነው።

ከሌላ ቤት ደግሞ ገደል የወደደች አለች።
አሉላ ይሏታል በደሴቱ ቋንቋ
(መጀመሪያ ስሰማ ያገር ልጅ የተጠራ መስሎኝ
ዞሬያለሁ)።
ጠርሙስ የመሰለ ግንድ፣ ከላዩ አንድ ራስ ጎመን፣
ጥሩ የሚሸት ቢጫ አበባ፣ ከታች ባሕሩ ሲተን።
በሬው ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ፤
እሷ ገደሉን አይታ እዚያው ላይ በቀለች።
ፍየል ከጫፉ ቆማ፣ አንገቷን አስግጋ፣ አይታ ተመለሰች።
ከፍየል አመለጠች እንጂ
ሌሊት ሌሊት የሚጎበኛት የእሳት ራት
አንድ ማታ እንደወጣ ቀረ።
አበበች፣ አበበች፤ ፍሬ ግን የለም።

ቶሺዎ ካሌማኑ ያኔ በገመድ ወረደ፣
ብሩሽ በጥርሱ ነክሶ፣
ከአንዷ ወደ አንዷ ብናኝ አመላልሶ።
«ሃያ ዓመት የእሳት ራት ነበርሁ» ይላል፣
«እሳቱ ብቻ ነው ያልበላኝ።»
ዛሬ ጉልበቱ ደረጃ አይወጣም። ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል፤
ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ስንት እንደቀረ ይጠይቃል፤
እነግረዋለሁ፤
አላምን ብሎ ራሱ ይቆጥራል።

ዛሬ አንድ ፖስታ ዘጋሁ።
አርባ አንድ ፍሬ፣ ብታነጥሺ የሚጠፋ።
«ቀኑን ጻፊ» አለኝ። ጻፍሁ።
«ሰዓቱንም።»
«ሰዓት ለምን? ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።»
መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፤
«ጠርዙ ላይ ጻፊው። እነዚህ ይቸኩላሉ» አለ።